የአድናቂ ጆሮ

በቀደም ማታ ዶርም ውስጥ የቴዲ አፍሮ ዘፈን ተከፍቶ ሳለ «እዚህ ጋ ግጥሙ ላላ፤ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል ነው» አልኩ። የአልጋ ጎረቤቴ ቀና ብሎ «ለመሆኑ አንተ የማን ወገን ነህ?» አለኝ። ስለ አንድ ቃል የጀመርነው ጨዋታ እዚያው ላይ አበቃ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ዘፈን መታወቂያ ወረቀት ሲሆን ማን ያዳምጠዋል?

«ያስተሰርያል»ን እንመልከት። የወጣው በምርጫው ዓመት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከእኛ ገሚሱ ያኔ አልተወለድንም፣ የተወለድነውም ጡት አልጣልንም። ርእሱ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ ኃጢአትን ማስተስረይ። ዘፈኑ አፄ ኃይለ ሥላሴን አንሥቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ አብሮ የማይለወጠውን ቂም እየነካ ፍቅርና ይቅርታን ይለምናል። አድናቂው ታዲያ ምን አደረገው? በመንግሥት ላይ የሚወረወር ድንጋይ። የፈራውም ወገን እንደ ድንጋይ ብቻ አየው። ልመናውን ሁለቱም ሳይሰሙት ቀሩ። (በበኩሌ ከሥራዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይኸው ይመስለኛል፤ ይህን በማለቴ ግን አድናቂ ተብዬ አልመዘገብም።)

በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ሲወጣም ክርክሩ ሁሉ ስለ አፄ ምኒልክ ሆነ። በታሪክ መከራከሩ ባልከፋ። ነገር ግን ዜማው ከፉከራና ከቀረርቶ ምን ወሰደ፣ የወሰደውንስ ለጭፈራ ሲያመቻቸው ምን ጎደለበት ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህማ ለትችት ሁሉ መልስ ተገኘ፤ «ቢልቦርድ ላይ እኮ አንደኛ ወጥቷል!» ሰንጠረዥ ገበያን ይቆጥራል፤ የላላ ስንኝ አያጠብቅም።

አድናቂውን ሞኝ ነው አልልም። በግልጽ መናገር በሚያስፈራበት ዘመን ዘፈን ከፍ አድርጎ መክፈት ራሱ ንግግር ነው፤ ታክሲ ውስጥ ማንም ምንም ሳይል ሁሉም ይግባባል። ይሄን አልንቅም። ግን ዘፋኙ ደክሞ የሠራውንም፣ ተግቶ የሠራውንም እኩል ካጨበጨብንለት ልዩነቱን ከማን ይስማ? ከጠላቶቹማ አይሰማም፤ እነሱም ሳያዳምጡ ነው የሚሰድቡት።

የአልጋ ጎረቤቴ ይህን ሲያነብ ስልኩን አንሥቶ ያንኑ ዘፈን እንደሚከፍትብኝ አውቃለሁ። ይክፈት፤ አዳምጣለሁ። ላላ ያልኩት ቃል ጋ ሲደርስ ግን አንድ ጊዜ ያቁምልኝና እንነጋገርበት።