አታካብድ፦ ሽሙጥ፣ አድናቆትና የመካኒሳው ዞማ

«አታካብድ!» ከአዲስ አበባ ወጣት አፍ የማይጠፋ ቃል ነው። ጀሞ ካሉት ካፌዎች በአንዱ አንድ ልጅ ስላየው ዐውደ ርዕይ ወይም ስላነበበው መጽሐፍ ሞቅ ብሎት ማውራት ሲጀምር ይቺው ቃል ትወረወራለች፤ ካልሰማም ሙድ ይያዝበታል። ምንም የማይደንቀው መስሎ መታየት አራዳነት፣ ደስታን ሳይደብቁ ማሳየት ፋራነት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ሽሙጡ ያለ ምክንያት እንዳልመጣ፣ ሆኖም ሊለካ የሚገባውን እንደማይለካ ማሳየት ነው። ማስረጃውን የሚወስደው ከዚያው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ከሚገኘው ዞማ ሙዚየም ነው።

አንዳንዶች ሽሙጡን በባህል ያመካኛሉ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ድርብ ትርጉም ያለው አነጋገር በአማራ ባህል ውስጥ ያለውን ትልቅ ቦታ አሳይቷል። ሰውን ሳይጋፈጡ መንቀፍና ምስጢርን መጠበቅ ከአገልግሎቶቹ መካከል ናቸው። ከዚህ ተነስቶ የዛሬውን ሽሙጥ የቅኔ ልጅ ማድረግ ይቀላል። የቅኔ ቤቱ ልማድ ግን ሌላ ይመሰክራል። በዋሸራ፣ በጎንጅም ሆነ በዋድላ ስልት የሚማር ደቀ መዝሙር ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ የኔታ ፊት ያቀርባል። ከተበላሸ ይታረማል፤ ከሰመረ «ይበል!» ይባልለታል። ይበል ለማለት ወርቁን ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ ሽሙጥና አድናቆት በአንድ ጉባኤ ይኖሩ ነበር፤ ሁለቱም ዕውቀት ይጠይቁ ነበር። እኛ የወረስነው አንዱን ነው፤ እሱንም ያለ ትምህርቱ።

ይልቅ ምክንያቱ በቅርቡ ታሪካችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የ1966 አብዮት ከልቡ የሚያምን የተማሪ ትውልድ ነበረው፤ ብዙዎቹን ቀይ ሽብር በላቸው። የተረፉት ልጆቻቸውን «አርፈህ ተቀመጥ» እያሉ ቢያሳድጉ አይፈረድባቸውም። በቀበሌ የግዴታ ስብሰባ ያጨበጨበ ሰውም ሁለተኛ ትምህርት ቀስሟል፤ በአደባባይ የሚታይ የጋለ ስሜት ባብዛኛው የታዘዘ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ዴቪድ ፎስተር ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ቴሌቪዥንና ስለ አገሩ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ ምጸት ግብዝነትን ለማፍረስ ቢበጅም በፈረሰው ቦታ ምንም እንደማይገነባ ተከራክሯል። የእኛ ምጸት የተማረው ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ጉድለቱ ግን ያው ነው።

የጋለ ስሜት ከከተማው ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። ካፌው ውስጥ «አታካብድ» ያለው ልጅ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሰናል ሲያገባ ወንበር ላይ ይወጣል፤ ማንም ሙድ አይዝበትም። ለሩቅ ቡድን መጮህ ስለማያስጠይቅ ይፈቀዳል። የሚያሳፍረው ለቅርቡ፣ ለሰፈር ሰው ሥራ መደነቅ ነው፤ ነገ ሥራው ቢወድቅ ያደነቀውም አብሮ ይዋረዳል።

በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ዞማ የተመሠረተው ለዚህ ዓይነቱ ሥጋት ባልተበገሩ ሁለት ሰዎች ነው፤ በሠዓሊው ኤልያስ ስሜና በኪነ ጥበብ አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። በመስታወት ሕንፃ በምትኮራ ከተማ የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ምርጊቱ ላይ በእጅ የወጣው ቅርፅ እንደ ጥልፍ ይታያል። ድህነትን በቀልድ የሚጠቅስ ነገር የለበትም፤ ጭቃውን ያቦካው ሰው ጭቃን ያውቃል።

የኤልያስ «ታይትሮፕ» የተሰኙ ተከታታይ ሥራዎችም እንዲሁ ናቸው። ከመርካቶ የተገዙ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በእንጨት ላይ ተደርድረዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ማሳው ይጠፋና ሰማያዊና ቢጫ ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ መስመር በመስመር ተያይዞ ይገኛል። ሥራውን በዘመናችን ብክነት ላይ እንደተሰነዘረ ሽሙጥ ማንበብ ይቻላል፤ ለእኔ ግን ይህ ንባብ ጉንጉኑን አያስረዳም። ሽሙጥ ነክቶ ያልፋል፤ ለመሣለቅ ብሎ ይህን ያህል ሽቦ የሚጎነጉን ሰው የለም። እዚህ የጋለ ስሜቱ የታየው በጩኸት አይደለም፣ በፈጀው ጊዜ ነው።

ሁሉም የጋለ ስሜት ይከበር ማለቴም አይደለም። የማስታወቂያ ጩኸትና የታዘዘ ጭብጨባ ሽሙጥ ይገባቸዋል። እነዚህን ከእውነተኛው አድናቆት የሚለያቸው የስሜቱ መጠን ሳይሆን ከኋላው ያለው ዕውቀትና ድካም ነው። «አታካብድ» ይህን መለየት አይችልም፤ ካድሬውንም ባለሙያውንም በአንድ ቃል ያሰናብታል። የዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ «ግሩም ነው» ብሎ የሚያልፈውም ከዚያ አይሻልም። ከቅኔ ቤት ልንመልሰው የሚገባን ልማድ ያደነቀውን ሰው «ምኑ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የሚሸሙጠውንም እንደዚያው። የሂስ ሥራ የሚጀምረው ከመልሱ ነው።