ከቅርፊቱ የቀረው

ከሰቆጣ ብዙም ወደማይርቀው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የዋግ ገዥዎች የነበሩትን የዋግሹሞቹን አስከሬን ለማየት ይቸኩላል። ቅርጽ መመዘን የሚሻ ግን ደጅ ላይ ቆሞ ከአለት የተፈለፈለውን የቤተ ክርስቲያኑን ግንባር ቢያይ ይሻለዋል። ግንበኛ የተሳሳተውን አፍርሶ እንደገና ይክባል፤ አለት ፈልፋይ ይህ ዕድል የለውም። ጌጡ ሳይነሣ የቀረ ድንጋይ ነው። እንቁላል መቅረጽም ያው ነው፤ የዶሮ ቅርፊት ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ፣ የሰጎን ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ስለዚህ የተቀረጸ እንቁላል ስታዩ ቀዳዳውን አትቁጠሩ። በቀዳዳዎቹ መካከል የቀሩትን ቀጫጭን ማያያዣዎች ተመልከቱ፤ ውፍረታቸው ያለ ምክንያት ይለዋወጣል? ማዕዘኖቹንም በማጉያ መነጽር እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ስለሆነ፣ የበሰለ እጅ ጥቂት ያጎብጠዋል። ከዚያ ከውስጥ መብራት አብሩበት፤ በሙጫ የተጠገነው ያኔ ራሱን ያጋልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የእንቁላሉ ጫፍ ነው። የብራና መጻሕፍት ጌጥ የሆነው ሐረግ ለዝርግ ገጽ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ወደ እንቁላል ቢወሰድ ወገቡ ላይ ያምርና ወደ ጫፉ ይጨናነቃል። ብዙ ሠሪ ወገቡን አሳምሮ ጫፉን በሰፊ አበባ ይደፍነዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ገና ከሩቁ ዝቅ አደርገዋለሁ።

«እንዴት ሳይሰበር ቀረ!» የሚለው አድናቆትም ዛሬ ዋጋው ቀንሷል። በደቂቃ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚሽከረከር የጥርስ ሐኪም ዓይነት መቦርቦሪያ ቅርፊቱን ሳያናጋ ይበሳል። ሁሉንም በስቶ ወንፊት ያደረገ ሰው መሣሪያውን እንጂ ዓይኑን አላሳየም። በአንጻሩ በደቡብ አፍሪካው ዲፕክሉፍ ዋሻ የተገኙት 60,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሰጎን ቅርፊቶች ጭረት ብቻ ናቸው፤ የመስመሮቻቸው ሥርዓት ግን እስካሁን ያስደምማል።

የኔ ምርጫ ኢሙ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንቁላል ነው። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀመስ፣ ውስጡ ነጭ ስለሆነ ቀራጩ ሳይበሳ በጥልቀት ብቻ ጥላና ብርሃን ያወጣል። እዚህ ላይ መሣሪያው ብቻውን አያድነውም፤ የት እንደሚያቆም ማወቅ አለበት።

በመጨረሻ ገልብጡና አስኳሉ የወጣበትን ቀዳዳ ፈልጉ። በሰም ተደፍኖ ከሆነ ለምን እንደተደፈነ ጠይቁ፤ በሐረጉ ውስጥ ገብቶ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ።