ቀድሞ የሠራና ቀድሞ ያስመዘገበ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የነጋዴ ስም ግን ከመዝገብ ላይ ካልዋለ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ እንኳ ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998ን መልካሙንና ጐደሎውን ለይተን ለመመዘን አሰብን።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እንመልከት። ከአዋጁ በፊት ነጋዴው ምልክቱን የሚከላከለው በጋዜጣ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ በማውጣትና በ1952 ዓ.ም. በወጡት የንግድና የፍትሐ ብሔር ሕጎች ውስጥ ስለ ተገቢ ያልሆነ ውድድር የሚናገሩትን አንቀጾች በመጥቀስ ነበር። አዋጁ ግን ለባለቤቱ ግልጽ መብት ሰጠው፤ ይኸውም በምልክቱ የመጠቀም፥ ለሌላ የማስተላለፍ፥ የመጠቀሚያ ፈቃድ የመስጠትና ያለ ፈቃድ የሚጠቀምበትን የመከልከል መብት ነው። ጥበቃውም ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን፥ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ጐደሎው ያለው ከመግቢያው በር ላይ ነው። ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነውና፥ 10 ዓመት ደክሞ ስሙን በገበያ ያስታወቀ ሳሙና ሠሪ ሳያስመዘግብ ቢቀር፥ ትናንት የመጣው ሊቀድመው ይችላል። «ማመልከቻው በማስታወቂያ ሲወጣ ይቃወም» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያውን ሲከታተል የሚውል ጠበቃ ያለው ትልቁ ኩባንያ እንጂ ሳሙና ሠሪው አይደለም።

ይህን ሸክም መንግሥታችን ራሱ በባዕድ አገር ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት፥ ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ «ሲዳሞ» የሚል ቃል የያዘ ምልክት አስቀድሞ አመልክቶ ስለ ነበር ጉዳዩ ተጓተተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ። ከኩባንያው ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ስሙን በላቡ ያስከበረው ገበሬ ግን ከማመልከቻዎቹ ሁሉ ይቀድም ነበር።

መዝገቡ ይቅር ማለታችን አይደለም። ያለ መዝገብ ገዢውም ዳኛውም እውነተኛውን ባለቤት ለይተው ለማወቅ ይቸገራሉ። ነገር ግን በቅን ልቡና ቀድሞ ሲጠቀም የኖረ ነጋዴ በነበረበት አካባቢ ሥራውን እንዲቀጥል በግልጽ የሚፈቅድ አንቀጽ ቢጨመር፥ የምዝገባ ማስታወቂያም እስከ ወረዳ ገበያ ቢደርስ፥ ሕጉ የቀደመውን ፈረሰኛ ብቻ ሳይሆን የደከመውንም እግረኛ ይጠብቃል ብለን እናምናለን። መንግሥት በውጭ አገር ለራሱ የጠየቀውን ፍትሕ በአገር ውስጥ ለታናሹ ነጋዴ ሊነፍገው አይገባም።