የመመለስ ፈተና፦ ጥሪና ታማኝነት በ«ገድለ ወለተ ጴጥሮስ»

ገድላትን በሥነ ጽሑፍ ዓይን የሚመረምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ። የገድል ባለታሪክ ከእናቱ ማሕፀን የተመረጠ ስለሆነ አይወላውልም፤ የማይወላውል ሰው ደግሞ ተፈተነ ለማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በገድል ውስጥ ውስጣዊ ግጭት የለም የሚል ነው። ቅሬታው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. በግዕዝ የጻፈው «ገድለ ወለተ ጴጥሮስ» ይህን ጥቅል ፍርድ እንደገና እንድንመዝነው የሚያስገድድ ድርሰት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በድርሰቱ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱን፣ የባለታሪኳን ወደ ባሏ ቤት መመለስ፣ ለይተን እንመለከታለን።

ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) የአጼ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የነበረው የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉበት በዚያ ዘመን ዓለምን ትታ ለመመንኮስ ቆረጠች፤ በጣና መነኮሳት ረዳትነትም ከቤቷ ተሰውራ ወጣች። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደውን የገድል መንገድ ይከተላል። ጥሪው ተሰምቷል፤ የተጠራችውም ታዛለች።

ከዚህ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። መልክአ ክርስቶስ ሚስቱ የተሸሸገችበትን አገር ሲያውቅ ወታደሮቹን ይለቅበታል። ሕዝቡ ይዘረፋል፤ ይንገላታል። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ስትሰማ በእርሷ ምክንያት ሌላው እንዳይጠፋ ብላ ወደ ሸሸችው ባል ትመለሳለች።

በገድል ሥርዓት ንጉሥ፣ ባል ወይም ሹም ፈታኝ ነው፤ ጻድቁ የሚያሸንፈው «እምቢ» ሲል ነው። እዚህ ላይ ግን «እምቢ» ማለት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸውና። ግጭቱ በጽድቅና በኃጢአት መካከል አይደለም። ሁለት ትእዛዛት፣ ሁሉን ትቶ መከተልና ባልንጀራን መውደድ፣ በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ይጋጫሉ። አንዱን ስትፈጽም ሌላውን ያፈረሰች ይመስላታል። የውስጥ ግጭት ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል?

ገላውዴዎስ የጻፈው እርሷ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የዓይን ምስክሮች ገና ስለነበሩ ታሪኩን መዝለል አልቻለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ያልዘለለውን ነገር የት እንዳስቀመጠውም ማየት ይገባል። ከተመለሰች በኋላ ባሏ በ1617 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው በአቡነ ስምዖን ግድያ እጁ እንዳለበት ታውቃለች። አብራው መኖርን እምቢ ትላለች፤ በመጨረሻም ይለቃታል። የመጀመሪያው መውጣት ከራሷ ሐዘንና ምኞት ጋር የተሳሰረ ነበር። ሁለተኛው ግን የቤቷን እንጀራ ከነደሙ ካወቀች በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ መመለሷ ጥሪዋን አላፈረሰውም፤ አበሰለው እንጂ። በሴራው አወቃቀር ረገድም መሸጋገሪያ ሆኖ የሚያገለግለው ይኸው መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ታላላቅ ትዕይንቶች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። በንጉሡ ችሎት ፊት መቆሟን፣ የኢየሱሳውያኑን ጳጳስ የአፎንሶ ሜንዴዝን ስብከት አለመቀበሏን፣ በዠበይ በግዞት ያሳለፈቻቸውን ሦስት ዓመታት አንባቢ የሚያምነው፣ ይህች ሴት ለሰው ስትል እንደምትታጠፍ አስቀድሞ ስላየ ነው። መታጠፍ የማይችል ነገር ቢጸና አያስደንቅም።

ድርሰቱ ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ገላውዴዎስ ባለታሪኳ በመመለሻው መንገድ ላይ ምን እንዳሰበች ብዙ አያስተነትንም። የተዘረፈው ሕዝብም ለእርሷ ውሳኔ ምክንያት ከመሆን አልፎ የራሱ ድምፅ የለውም። ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ለምንኩስና ስትወጣ ባሏን ብቻ ሳይሆን ሴት ልጇንም ትታለች፤ የልጅቱ ዕጣ ግን ተራኪውን እምብዛም አያሳስበውም። አንድ ሰው ለጥሪው ታማኝ ሲሆን ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚለውን ጥያቄ ገድሉ በአንድ ቦታ በድፍረት ያነሣዋል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ሳያየው ያልፈዋል።

እንግዲህ ሁለት ልብ የሆነ ገጸ ባሕርይ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ ከዘመናዊው ልቦለድ ጋር ተወለደ የሚለው አስተያየት በጥንቃቄ መነገር ይኖርበታል። ገድላትን የምናስተምር ሰዎች በተአምራቱና በጽናቱ ትዕይንት ላይ ብቻ መቆም የለብንም። ጻድቁ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ገጽ ፈልገን ለተማሪ ማሳየት አለብን፤ ታማኝነት ምን እንደሆነ ይበልጥ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።