ተነሥቶ የማይነሣ ፎቶግራፍ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ግዙፍ ሥራ በአንድ ሌሊት ለማንበብ ተገድጄ ነበር። ርእስ የለውም፤ ምዕራፍ የለውም፤ መቅድምም ሆነ መደምደሚያ አልተበጀለትም። ደራሲው እኔው ነኝ። ሥራው የእጅ ስልኬ የፎቶ ማኅደር ሲሆን፣ የያዘው ሥዕል 9,412 ነው። አንዱን ለ5 ሰከንድ ብቻ እያዩ ቢያልፉት እንኳ ከ13 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ያነበብሁት ለሒስ ብዬ አልነበረም። አክስቴ ዐርፈው፣ ለማግስቱ ቀብር የሚሆን አንድ ደኅና ፎቶግራፋቸውን ፈልጉ ተብለን ነው። በድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ፊት የሚቀመጥ፣ በፍሬም የሚገባ፣ አንድ ፎቶግራፍ። የቤተ ዘመዱ ወጣት ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ጥግ ጥጉን ያዘ። አክስቴን በየበዓሉና በየልደቱ ስናነሣቸው ኖረናልና ችግር ይገጥመናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሌሊቱ ተጋመሰ፤ የሚሆን አልተገኘም። እኔ ስልክ ውስጥ ወደ 40 ቦታ ይታያሉ። ነገር ግን በአንዱ የልደት ኬክ ፊታቸውን ጋርዶታል፤ በሌላው ረከቦቱ ላይ አጎንብሰው ነጠላቸው ብቻ ይታያል፤ በሌላው ከሰው ትከሻ ጀርባ አንድ ዓይናቸው አለ። ጥርት ብሎ የተነሣው እጃቸው ነው፤ ጀበና ይዞ ሲቀዳ። እጅ ደግሞ በፍሬም ተደርጎ ለለቀስተኛ አይቀርብም።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ የሚመስል ቃል አለው። ፎቶ ይነሣል፤ ነገርም ይነሣል፤ የሰው ስምም ይነሣል። የቀድሞው ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲነሣ ይኖር ነበር። የዛሬው ግን ተነሥቶ የማይነሣ ነው። በበኩሌ የምከራከረው ይህንኑ ነው፦ ፎቶግራፎቻችን የሚጠፉብን ስለሚሰረዙ ብቻ አይደለም፤ የሚመርጣቸውና የሚያወራቸው ሰው በማጣታቸውም ጭምር እንጂ።

እስቲ ሥራውን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ እንመርምረው። በመጀመሪያ ይዘቱን። ከ9,412ቱ ሲሶ የሚሆነው ፎቶግራፍ አይደለም። የባንክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ስክሪንሾት ነው፤ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ «ላክልኝ» ተብዬ ያነሣሁት የመታወቂያ ግልባጭ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አደይ አበባና ጧፍ የተሳለበት የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ ነው፤ አንዱ ካርድ ከ6 ሰው ተልኮልኝ 6 ጊዜ ተቀምጧል። ከዚያ የቀረው ድግግሞሽ ነው። አንዲት የእኅቴ ልጅ ሻማ ስታጠፋ 14 ጊዜ ተነሥታለች፤ ሻማው የጠፋው ግን አንድ ጊዜ ነው። ደራሲ አንዱን ዓረፍተ ነገር 14 ጊዜ ጽፎ የትኛው እንደሚሻል ሳይወስን ሁሉንም ቢያሳትመው ምን እንለዋለን? ሰነፍ እንለዋለን። እኔም ከዚህ የተለየ ስም አይገባኝም።

በባለ 36 ፊልም ዘመን ይህ ስንፍና ገንዘብ ያስከፍል ነበር። የእኔ ማኅደር በዚያ ስሌት ከ261 ፊልም በላይ ይፈልጋል፤ ማጠቢያውና ማሳተሚያው ሳይቆጠር። ገደቡ ራሱ አርታኢ ነበር ማለት ነው። የሚገርመው፣ የዲጂታል ካሜራን የሠራው ሰው ይህን ገደብ አልዘነጋውም። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ኢንጂነር ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ 10,000 ነጥብ ብቻ ያላትን አንዲት ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ሳሰን አንዱ ካሴት 30 ሥዕል እንዲይዝ ወሰነ፤ በባለ 24 እና በባለ 36 ፊልም መካከል ያለ ቁጥር ነውና። የሰውን ዓቅም ያገናዘበ ውሳኔ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ገደቡን አነሡልን፤ እኛም አመሰገንን።

ሁለተኛው የአደራደሩ ነገር ነው። ስልክ በዋናነት የሚደረድረው በጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የካሜራው ዓይነት፣ ከተፈቀደለትም ቦታው ጭምር በማይታይ ጽሑፍ ይመዘገባል። ብዙዎቹ የመልእክት መላኪያዎች ግን ፎቶውን ለማቅለል ሲጨምቁት ይህን ምዝገባ አብረው ያራግፉታል። (እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባው ሳይነካ ይደርሳል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።) ስለዚህ አክስቴ በ1962 ዓ.ም. የተነሡትን ፎቶ የአጎቴ ልጅ በስልኩ አንሥቶ ቢልክልኝ፣ እኔ ዘንድ የተመዘገበው «ትናንት» ተብሎ ነው።

ደግሞም ስልኩ ያለ እኔ ጥያቄ ትዝታ ሊያስታውሰኝ ይሞክራል። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት «የዛሬ ዓመት በዛሬዋ ቀን» ብሎ አንድ ሰሐን ዶሮ ወጥ አቀረበልኝ። እውነቱን ነው፤ የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ውሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ነበርና፣ ዶሮዋ የመጣችብኝ በሁዳዴ መካከል ነው። መሣሪያው ቀኑን ያውቃል፤ በዓሉን አያውቅም። ፊት ለፊት በማመሳሰል ሰው የሚለይበትም ዘዴ አለው፤ በዚህም አክስቴንና ሴት ልጃቸውን አንድ ሰው ናቸው ብሎ በአንድ ክምር አስቀምጧቸዋል። በዚህ እንኳ አልፈርድበትም፤ ለቀስተኛውም ልጅቱን እያየ «ቁርጥ እናቷን» ሲል ነበር። ልዩነቱ ለቀስተኛው ይህን ሲል ማልቀሱ ነው።

ሦስተኛው የማደሪያው ጉዳይ ነው። ጉግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ሲጀመር፣ በመጠኑ የተጨመቀ ፎቶን ያለ ገደብ በነጻ ለማስቀመጥ ቃል ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ወዲህ ያ ነገር ቀርቷል፤ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከኢሜይልና ከሌላው ፋይል ጋር በ15 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ውስጥ ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ በወር ክፍያ ነው። ነጋዴ ዋጋውን ቢያሻሽል ነውር የለውም። ነገር ግን ልብ እንበል፦ 6 ዓመት ሙሉ አትምረጡ፣ አትቀንሱ፣ ሁሉንም አስቀምጡ ተባልን፤ አለመምረጥ ልማድ ከሆነብን በኋላ ሒሳቡ መጣ።

ይህን ሁሉ ስል የድሮውን አልበም ላመልክ አይደለም። አክስቴ አልበም ነበራቸው፤ 64 ፎቶግራፍ የያዘ፣ ገጹ ጥቁር፣ በየገጹ መካከል ስስ ወረቀት ያለው። ቡና እስኪፈላ ለእንግዳ ይሰጣል። እንግዳው ይገልጣል፤ እሳቸው ከከሰሉ አጠገብ ሆነው፣ ፎቶውን ሳያዩ፣ ከገጹ ድምፅ ብቻ የት እንደደረሰ አውቀው ያወራሉ። በየፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀንና የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። እንግዲህ ይህ የታረመ ሥራ ነው፤ ተራኪ ያለው፣ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚነበብ።

ይሁንና የታረመ ሥራ የተቆረጠም ሥራ ነው። በዚያ አልበም ውስጥ አራት ጓደኛሞች የተነሡበት አንድ ፎቶ አለ፤ አራተኛው በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በአክስቴ ትከሻ ላይ ያረፈው እጁ ግን አልተቆረጠም፤ መቀሱ ትከሻቸውን ሳይነካ ሊያወጣው አልቻለምና። በ1970 ዓ.ም. የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍም ሰው ላይ ይመሰክር ነበር ይሉ ነበር። ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያንን አታንሣብኝ» ብለው ገጹን ገለጡት። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሌላም አለ። ፎቶግራፍ በአገራችን ከላይ ወደ ታች የወረደ ነገር ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገልግለዋል። ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ ወደ ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት የተሳለ መጋረጃ ፊት ለመቆም ገንዘብ ወደነበረው ከተሜ ወረደ። የአክስቴ እናት፣ ማለትም አያቴ፣ አንድም ፎቶግራፍ ሳይኖራቸው ነው የሞቱት፤ መልካቸውን የሚያስታውስ ሰው ሲያልቅ መልካቸውም አለቀ። ዛሬ ልጇ ለሥራ ቤይሩት ወይም ሪያድ የሄደችባት እናት የልጇን ፊት በስልክ ታያለች። ይህን የሰጠንን መሣሪያ የሚያናንቅ ሒስ ሒስ አይባልም። አልበሙ በመቁረጥ በደለ፤ ስልኩ ምንም ባለመቁረጥ በደለ። የመጀመሪያውን በደል ያደረሰው ዘመን ነው። ሁለተኛውን የማደርሰው ግን እኔ ነኝ፤ ማንም ሳያስገድደኝ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ሊነጋጋ ሲል ልጃቸው አልበሙን ይዛ መጣች። ከመጨረሻው ገጽ ላይ የ1962ቱን ጉርድ ፎቶ አወጣን፤ 19 ዓመታቸው ነበር፤ ጀርባው ላይ «ለመታወቂያ የተነሣሁት» ይላል። ጠዋት ፎቶ ቤት ወስደን አስጎልብተን በፍሬም አስገባነው። ድንኳኑ ውስጥ ጭምጭምታ ተነሣ፤ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ያሉ ነበሩ። የ74 ዓመት አዛውንት ለመቅበር የመጣ ሰው ኮረዳ ቢያሳዩት ቢደናገር አይፈረድበትም። አንዲት ጎረቤታቸው የነበሩ እናት ግን ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ያዙና «እሷው ናት፤ እንዲህ ነበረች» አሉ።

ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እናቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞተችበት በኋላ ፎቶዎቿን እያገላበጠ ሲፈልጋት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ያገኛት በ5 ዓመቷ በተነሣችው ፎቶ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው «ካሜራ ሉሲዳ» በዚያ ፎቶ ዙሪያ የተጻፈ ቢሆንም፣ ፎቶው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ለእርሱ እናቱ ናት፤ ለአንባቢው ግን አንዲት ሕፃን ናት። ይህን ስጽፍ ጎረቤቲቱ ትዝ ይሉኛል። የፎቶግራፍ እውነት ከወረቀቱ ላይ ብቻ አይገኝም፤ ወረቀቱን ይዞ «እሷው ናት» የሚል ሰውም ያስፈልጋል። ባለ 200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይህን ሰው አይተካም።

እንግዲህ ሐያሲ ጉድለት ቆጥሮ ብቻ ከሚሄድ የድርሻውን ቢሞክር ይሻላል። ከአርባቸው በኋላ ከ9,412ቱ 36 ብቻ መርጬ ለማሳተም ወሰንሁ፤ እንደ አንድ ፊልም። ከባድ ሥራ ነው። ለመሰረዝ ያቃተኝ ፎቶ ብዙ ነው፤ ስለ ምን እንደተነሣ የማላውቀው ደግሞ ከዚያ ይበዛል። እስካሁን 19 ደርሻለሁ። በእያንዳንዱ ጀርባ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ በብዕር እጽፋለሁ፤ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር።

ከተመረጡት መካከል ያች ጀበና የያዘች እጅ አለች። ጀርባው ላይ የማን እጅ እንደሆነች ጽፌአለሁ፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ የሚመልስ ሰው ባይኖር እንኳ ጽሑፉ ይኖራል ብዬ።