ለአፍላ ወጣቶች መረጋጋትን ማስተማር

በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ፣ ጭንቀትን የመቋቋም ክህሎት ከማስተማሩ አስቀድሞ፣ ተማሪውን ያስጨነቀው ጉዳይ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን መለየት ይኖርበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ መቋቋምን በሁለት ከፍለው ያዩታል፤ አንደኛው ችግሩን ራሱን ለመፍታት የሚደረግ ጥረት ሲሆን፣ ሁለተኛው ችግሩ የቀሰቀሰውን ስሜት መግራት ነው። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ብዙ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ርቀው በማያውቁት ማደሪያ እያደሩ የተፈተኑ ሲሆን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ልጅ ቢፈራ ፍርሃቱ ሕመም አይደለም፤ የሂሳብ መምህር ሳያገኝ ዓመቱ የተጋመሰበትን ተማሪ በረጅሙ እንዲተነፍስ መክሮ መሸኘትም የትምህርት ቤቱን ጉድለት በልጁ ትከሻ ላይ መጫን ነው። እንዲህ ላለው ተማሪ የሚያስጠናው ሰው መፈለግ ይቀድማል።

ማይንድፉልነስ፣ ማለትም በአሁኑ ቅጽበት የሚሆነውን ሳይፈርዱ ሆን ብሎ ማስተዋል፣ ወደ ሕክምናው ዓለም በሰፊው የገባው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን ባዘጋጁት ሥልጠና ነው። አዋቂዎቹ ሕሙማን ሥልጠናውን ፈልገው የመጡ ሲሆኑ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የ13 ዓመት ልጅ ግን አልመረጠውም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶችንና ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ማይሪያድ የተባለ ጥናት፣ ለሁሉም ተማሪ በጅምላ የተሰጠው ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም እንዳላስገኘና አብዛኞቹም ልምምዱን በቤታቸው እንዳልቀጠሉበት አሳይቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ልምምዱን መተው ሳይሆን አሰጣጡን ማረም ነው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል፣ አወጣጡን ከአገባቡ ማስረዘም በአጭር ጊዜ የሚለመድ ክህሎት ነው፤ ነገር ግን በሰላሙ ቀን ካልተለመደ በፈተናው አዳራሽ በቀላሉ አይገኝም። ጦርነት ያፈናቀለው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ እንዲመለከት ሲታዘዝ ያየው ሰቆቃ ሊመለስበት ስለሚችል፣ ዓይኑን ከፍቶ የእግሩን መሬት መርገጥ ወይም ከውጭ የሚሰማውን ድምፅ እንዲያስተውል ማድረግ ይሻላል። ልምምዱን ያልወደደ ተማሪም አይገደድ፤ ጸሎቱ፣ ዱዓው፣ ሩጫው ወይም ከጓደኛው ጋር የሚያደርገው ጨዋታ የሚያረጋጋው ከሆነ ባለሙያው በዚያ ላይ ይሥራ። ልጁ መሞትን የሚያነሣ ከሆነ ግን ልምምዱ ሁሉ ቆሞ፣ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ መድረስ አለበት።