«ፓይ»፦ ራስ ምታት የሊቅነት ዕዳ ነው እንዴ?

«ፓይ»ን አይታችሁታል? ዳረን አሮኖፍስኪ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ማክስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ቁጥር ሲያሳድድ ከባድ ራስ ምታት ይጥለዋል። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ኪኒን ይውጣል፣ ከዚያ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት ይጀምራል። ያቺ «መጣብኝ!» የምትል ቅጽበት ከሕመሙ ትብሳለች፤ ፊልሙ እሷን በደንብ ይዟታል።

ቅሬታዬ ምክንያቱ ላይ ነው። ፊልሙ ሕመሙን የብልህነት ዕዳ ያደርገዋል። እኛስ ሰፈር «ትምህርት በዝቶበት ነካ አደረገው» ይባል የለ? ይህን ያመነ ተማሪ ሕመሙን ደብቆ ይቀመጣል እንጂ ሐኪም ጋ አይሄድም።

የማክስ ሕመም ከሁሉ የሚቀርበው ክላስተር ለሚባለው ራስ ምታት ነው፤ በአንድ ዓይን ዙሪያ የሚወጋ፣ የሚያስነባ፣ ብዙ ጊዜ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ። የሚገርማችሁ፣ በዚያው በ1998 ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ሕመሙ የተነሣባቸውን ሰዎች አንጎል በፔት ስካን ሲያዩ ሃይፖታላመስ አካባቢ ነቅቶ አገኙት። የሰውነታችን ሰዓት ያለው እዚያው ነው። ኢንጂነር ነኝና እንዲህ ልበለው፦ እሳት የለም፣ ደወሉ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል።

መጨረሻውን ልናገር ነው (ያላያችሁት ዝለሉት)። ማክስ መሰርሰሪያ ጭንቅላቱ ላይ ይደግናል፤ ከዚያ ሒሳቡም ሕመሙም አብረው ይጠፋሉ። እዚህ ላይ ፊልሙን ማለፍ አቃተኝ። ብዙ የክላስተር ታማሚዎች ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ስበው በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ማባዛትም አይጠፋባቸውም።